የሆነውን ብቻ እንጻፍ



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ፕሮሰስ ነው። ፍኖተ ሰላም ይሁን ቡሬ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን ወሬ ሳይሰማ አይሄድም። «የእገሌ ልጅ ለእናቷ አመለከተችላት»፣ «የእገሌ ኢንተርቪው ደረሰ»፣ «የእገሊት ደግሞ ተመለሰባት» ይባላል። ሰው ሁሉ የሚያስበው ነገሩ የሚወሰነው አዲስ አበባ፣ አሜሪካ ኤምባሲ መስኮት ላይ እንደሆነ ነው። ብዙው ግን የሚወሰነው ከዚያ በፊት፣ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ኒካሕ በሚታሰርበትና ልጅ በሚወለድበት ቀን ነው።

እኛ የምንለው ኢማማችንንና እሳቸውን የምናግዘውን ነው። ኪታብ ስንቀራ አደግን፤ የቢሮ ሥራ አልተማርንም። ነገር ግን ሰው ሲቸግረው ወደ መስጂድ ይመጣልና የኒካሕ ወረቀት እንጽፋለን፣ የምስክርነት ደብዳቤ እንሰጣለን። በዚህ ሥራ አንድ ጥፋት አጥፍተናል። እናንተም ሆናችሁ ሌላ መስጂድ ያሉ ወንድሞቻችን እንዳትደግሙት ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በዲቪ ሄዶ አሜሪካ የሚኖር፣ በኋላም ዜግነት ያገኘ የቡሬ ልጅ የፍኖተ ሰላም ልጅ አጨ። ሥራው አልፈታው ብሎ መምጣት ስላልቻለ አጎቱን ወኪል አደረገ። ወሊዩ አለ፣ ሁለት ምስክር አለ፣ መህሩ ተነገረ። ስልኩ ጮክ ብሎ ተከፍቶ ሙሽራው ከወዲያ ማዶ ሲያለቅስ ሁላችንም ሰማን። ኒካሑ በወኪል ታሰረ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቴምር ተበላ።

ሰው ሲበታተን አጎትየው ጠጋ ብለው «ወረቀቱ ላይ ልጁ ተገኝቶ ነበር በሉልኝ። በውክልና ከተባለ ኤምባሲ አይቀበልም አሉኝ» አሉን።

እኛም ብዙ አላሰብንም። ወኪል እንደ ባለቤቱ ነው፤ ኒካሑም ኒካሕ ነው፤ አንድ ቃል ምን ታመጣለች አልን። «ሙሽራው በተገኘበት» ብለን ጻፍን፣ ማኅተም መታን።

ልጁ ከአራት ወር በኋላ መጣ። ሰርግ ተደገሰ፣ አምስት ሳምንት ከሚስቱ ጋር ቆይቶ ተመለሰ፣ አመለከተላት። ጊዜው ደርሶ ለኢንተርቪው ቀረበች። ኒካሑ ሲታሰር ባልሽ የት ነበር ተባለች። እሷ «አሜሪካ ነበር፤ በስልክ ነው የሰማነው» አለች። ወረቀታችን ግን ተገኝቶ ነበር ይላል። የፓስፖርቱ ማኅተም ደግሞ ኢትዮጵያ የገባው ከአራት ወር በኋላ መሆኑን ይናገራል። ፋይሉ ለምርመራ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ባልና ሚስቱ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ተጨማሪ ተለያዩ።

ነገሩን ስናጣራ ያወቅነው ነገር ይበልጥ አሳፈረን። የ1952ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ተጋቢዎቹ በአንድ ቦታ ሳይገናኙ የተፈጸመን ጋብቻ እንደ ባልና ሚስትነት አይቆጥርም። ከዚያ በኋላ ተገናኝተው እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ ግን ይቆጥረዋል። ልጁ መጥቷል፣ ሰርግ ሆኗል፣ አብረው ኖረዋል። በውክልና ታስሮ ነበር ብለን እውነቱን ብንጽፍ ኖሮ፣ የፓስፖርቱ ማኅተምና የሰርጉ ፎቶ የቀረውን ይናገሩ ነበር። ውሸቱ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ከንቱም ነበር።

ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን። «የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ስህተት ነው፤ ሙሽራው አልተገኘም፤ ወኪሉ አጎቱ ነበሩ፤ ስህተቱ የኛ እንጂ የተጋቢዎቹ አይደለም» አልን፤ ኢማማችን ፈረሙ። አልሐምዱሊላህ፣ በመጨረሻ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ቤቷ ሄደን ዓፍው በይን አልናት። «እኔ የፈራሁት ኢንተርቪውን አልነበረም። እዚያ ቆሜ እናንተን ውሸታም ማድረጌን ነበር» አለችን። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ያዳናት እውነቱን መናገሯ ነው። ወረቀቱን አምና ብትዋሽ ኖሮ የሚጠብቃት መዘግየት ብቻ አልነበረም። ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ ዋናውን ነገር የዋሸ ሰው፣ ልዩ ምሕረት ካላገኘ በቀር፣ ዕድሜ ልኩን እንዳይገባ ይከለከላል።

ወንድሞችና እህቶች! «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ሁሉም ሲያደርገው ምን እንደሚመጣ እንይ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት በስደተኞች የቤተሰብ ማገናኛ መንገድ (ፒ-3 ይሉታል) በሚያመለክቱት ላይ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ሞከረ። ናይሮቢ ላይ ተጀመረ፤ ቀጥሎ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፋ። ወደ 3,000 የሚሆኑ ሰዎች በሙከራው ውስጥ ገቡ። የተባለው የሥጋ ዝምድና ሁሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከ20 በመቶ በታች ሆኑ። በቀሩት ውስጥ ቢያንስ አንዱ ዝምድና ሐሰት ሆኖ ተገኘ፣ ወይም ሰዎቹ ለመመርመር እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት መንገዱ ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያውም የወላጅና የልጅ ዝምድና በዲ ኤን ኤ እንዲረጋገጥ ተደርጎ። አራት ዓመት ሙሉ እውነተኛ ልጅ እውነተኛ እናቱን ጠበቀ።

ከዚያ ውስጥ ስንቱ ነጋዴ ውሸታም፣ ስንቱ ደግሞ የእህቱን የቲም ልጅ «ልጄ» ብሎ ያሳደገ ምስኪን እንደነበር አላህ ያውቃል። እዚህ ላይ ነው ከባዱ ነገር ያለው። እኛ አገር ልጅ ማለት ያሳደግኸው ነው። እነሱ ዘንድ ልጅ ማለት የወለድኸው፣ ወይም በሕግ የተቀበልከው ነው። ይህ ጥያቄ እኛም በር ላይ መጣ።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ፣ በርበሬ ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። ልጃቸው አሜሪካ ሄዳ ዜጋ ሆነች፣ አመለከተችላቸው። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ዜጋ ለወላጇ ማመልከት ትችላለች፤ የወላጅ ቪዛም በዓመት ይህን ያህል ብቻ ተብሎ አይገደብም። የሚፈለገው ዋናው ማስረጃ የአመልካቿ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ የእናቷ ስም ያለበት። አባት በሕይወት ቢኖሩና ለእሳቸውም ቢመለከት ኖሮ የእናትና የአባት የጋብቻ ማስረጃም ይጠየቅ ነበር።

ልጅቷ መቼ ተወለደች ብለን ጠየቅናቸው። «ደርግ የወደቀ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአረፋ ማግስት» አሉን። ደርግ የወደቀው ግንቦት 20 ቀን 1983 ነው፤ የዚያ ዓመት አረፋ አንድ ወር ሳይሞላ በሰኔ አጋማሽ ዋለ። ቀኑን አገኘነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስንመልሰው ግን ሰባት ደምረን 1990 ብለን ጻፍን። ፓስፖርቷ 1991 ነው የሚለው። እዚሁ መስጂድ የሚሰግድ አንድ አስተማሪ አይቶ አስቆመን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት ይደመራል፤ የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት ነው። ለአንዲት ቁጥር ብለን ሌላ ፋይል ልናስመልስ ነበር። ለነገሩ የቀበሌው የልደት ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ ብቻውን ክብደቱ ያነሰ ነው። የትምህርት ቤት መዝገቧም ተጨመረበት።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ እኒያ እናት አንድ ልጅ ይዘው መጡ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የሟች እህታቸው ልጅ ነው፤ ከሁለት ዓመቱ ጀምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከተማ ያለ አንድ ፎርም ሞይ «ልጄ ነው በይና አስመዝግቢው፤ የመስጂድ ደብዳቤ አምጪ» ብሏቸዋል።

«እማማ፣ እንዲህ ብለን መጻፍ አንችልም» አልናቸው።

«እናቱ እኔ አይደለሁም እንዴ? ማን አጠባው? ማን አስተኛው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ልጄ አይደለም ብዬ ጽፌ ልሂድ? አላህስ ምን ይለኛል?»

ምን እንመልስ? ዝም አልን። ያን ቀን ውሸት የመሰላቸው እኛ እውነት የምንለው ነበር። ኢማማችን ቆይተው የዘይድ ኢብን ሓሪሳን (ረ.ዐ.) ታሪክ አነሱላቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አሳድገውት ሰው ሁሉ በሳቸው ስም ይጠራው ነበር። በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ሲታዘዝ ስሙ ወደ አባቱ ተመለሰ። ፍቅራቸው ግን በአንድ ቅንጣት አልቀነሰም። «ስሙን ለአባቱ ተዉለት፤ ልጁ ያንቺው ነው» አሏቸው።

እኛ ደግሞ የሕጉን ነገር ነገርናቸው። በወላጅነት የሚሄድ ሰው በራሱ ፋይል ማንንም አስከትሎ አይሄድም፤ የወለደውን ሕፃን ልጅ እንኳ። እናት ከሄደች በኋላ ግሪን ካርድ ይዛ ላላገባ ልጇ ማመልከት ትችላለች። ለእህት ልጅ ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለም። በጉዲፈቻ እንዳይባል፣ ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም የውጭ ጉዲፈቻን ከልክላለች። ፎርም ሞዩ እንዳለው ቢያስመዘግቡት አንድ ቀን ዲ ኤን ኤ ይጠየቃል፤ የእናትና የልጅ አይሆንም። ያኔ ልጁም አይሄድ፣ የሳቸውም ስም በውሸት ይመዘገባል።

ደብዳቤውን እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ «የእህታቸው ልጅ ነው፤ የቲም ነው፤ ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ እሳቸው አሳድገውታል።» ቪዛ አያስገኝም። እውነት ግን ነው፤ እሳቸውም ሲነበብላቸው «ይኸው ነው» አሉ።

ሄዱ። ልጁ ቡሬ አጎቱ ቤት ቀረ። የሄዱ ቀን ሌሊት ዐሥር ሰዓት መናኸሪያ ሸኘናቸው፤ ልጁ አውቶብሱ እስኪወጣ አላለቀሰም፤ ከወጣ በኋላ ግን ሦስት ቀን አልተናገረም። ይህን የምንነግራችሁ እውነት መጻፍ ሁሌ ደስ የሚል ፍጻሜ አለው ብለን እንዳናታልላችሁ ነው። ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የከፈለው ያ ልጅ ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ በምስል መተያየቱም ቀረ፤ በድምፅ ብቻ፣ መስመር በተገኘ ቀን ተነጋገሩ። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ማታ ማታ ከኛ ጋር ቁርኣን ይቀራል። እሳቸው ከሚልኩት ላይ ወጪው አይጓደልም፤ ባለፈው ዓመትም ለአረፋ መጥተው አብረውት ሰነበቱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መጥቶ መመለስ ይችላል፤ አንድ ዓመት እንዳይሞላው እንጂ። የዋሸ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህም ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ከዚህ ሁሉ የተማርነውን እንንገራችሁ።

ኒካሕ በታሰረበት ዕለት ይጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን ይመስላችኋል? ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። ለገንዘብ እንዲህ ከሆነ ለትዳር እንዴት ይሁን? እኛ አሁን ደብተር አለን፦ የተጋቢዎች ስም እስከ አያት፣ ወሊዩ፣ ምስክሮቹ፣ መህሩ፣ ቀኑ በሂጅራ፣ በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር። በወኪል ከሆነ «በወኪል»፣ በስልክ ከሆነ «በስልክ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የመስጂድ ወረቀት የቀበሌውን አይተካም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም ወጥቶ በ2008 ዓ.ም መገባደጃ ሥራ ጀምሯል። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ይመዘገባሉ። በጊዜው የወጣ ወረቀት አስመስክር አይባልም።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ሙሐመድ የሚለው የተባረከ ስም በላቲን ፊደል አምስት ዓይነት ተጽፎ አይተናል፤ በአንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ በተለያየ! ገጠር ደግሞ በመታወቂያ አንድ፣ በሰፈር ሌላ ስም ያላቸው ብዙ ናቸው። ፓስፖርት ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዙ፤ ሌላ ስም ካለም አትደብቁ፣ «በዚህም ትጠራለች» ብላችሁ ግለጹ።

ማን ለማን ማመልከት እንደሚችል እወቁ። ዜጋ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹ፣ ለወላጆቹ፣ ለወንድም እህቱ ያመለክታል። ግሪን ካርድ ያለው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው። የወንድም የእህት ወረፋ ከ15 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ ትምህርቱንና ንግዱን ጥሎ ይህን የሚጠብቅ ወጣት ዕድሜውን እየበላ ነው። ሁለት ሚስት ላለው ሰው የመጀመሪያዋ ጋብቻ ብቻ ትቆጠራለች። ይህንም ከኒካሕ በፊት ለሴቲቱ መንገር አማና ነው።

ገንዘባችሁን ጠብቁ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ፣ አይ-130 የሚባለውን፣ የሚያስገባው አሜሪካ ያለው ዘመዳችሁ ራሱ ነው። ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክፍያው በወረቀት 675፣ በኢንተርኔት 625 ዶላር ሆኗል። ሲፈቀድ ፋይሉ ኒው ሃምፕሸር ወዳለው የብሔራዊ ቪዛ ማዕከል ይሄዳል፤ ከዚያ ነው ዲ ኤስ-260 የሚሞላው፣ የስፖንሰሩም የገቢ ማስረጃ የሚቀርበው። ማዕከሉ የሚጽፈው በኢሜይል ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ ያጣ ፋይል ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ኢሜይሉ የፎርም ሞዩ ሳይሆን የራሳችሁ ይሁን፤ እዚህ ኔትወርክ ሲጠፋም አሜሪካ ያለው ዘመድ ይክፈተው። ሕጉም ክፍያውም ይለዋወጣልና በየጊዜው ከኤምባሲው ከራሱ ገጽ አረጋግጡ።

የወረቀት ጋብቻ የሚሉትን ደግሞ እንዳትነኩት። በአሜሪካ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት አለው። በሐሰት ጋብቻ የተያዘ ሰው ነገ እውነተኛ ትዳር ቢይዝ እንኳ ማመልከቻው አይፈቀድለትም። ከዚያ በላይ ደግሞ ኒካሕ ቀልድ አያውቅም። የሐሰት ምስክርነትም ከታላላቆቹ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ቀርተናል፤ እኛ ቀርተን የረሳን ነን።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ «አንድ ቃል ብቻ ጨምሩልኝ» ሲለን ያቺን የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ እናስታውሳለን። ደብተሩን ገልጠን የተጻፈውን እናነብለታለን። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ቆይቶ ይመለሳል። ያልተመዘገበ ኒካሕ ያላችሁ፣ ምስክሮቻችሁ በሕይወት ሳሉ ኑ። የልጆቻችሁን ልደት ያላስመዘገባችሁ፣ ነገ ሳትሉ ቀበሌ ሂዱ። ማንም ወደ የትም ባይሄድ እንኳ፣ ለውርስም፣ ለትምህርትም፣ ለየቲሙም ሐቅ ይጠቅማል።

አላህ የተለያዩትን በኸይር ያገናኝ፤ በጽሑፋችን የበደልናቸውን ይቅር እንዲሉን ልባቸውን ያራራልን። አሚን።